የኤልሳቤጥ ሲዳል አልበም ለእኛ ምን ይነግረናል?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የጥልፍና የስፌት ክፍል አባላት ያቀረብነው ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ሳንስማማ የተለያየንበት አንድ ጉዳይ እንዳለ ታስታውሳላችሁ። የአባላት የእጅ ሥራ በፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ከነሠሪዋ ስም በአንድ አልበም ይሰብሰብ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ገሚሶቻችን ደገፍነው። ገሚሶቻችን ደግሞ «ገንዘቡ ለተዘዋዋሪ ብድሩ ይዋል፤ ፎቶግራፍ እንጀራ አይሆንም» አልን። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ዛሬ ጉዳዩን እንደገና ከማንሣታችን በፊት ግን የአንዲት እንግሊዛዊት ሠዓሊ ታሪክ ልንነግራችሁ እንወዳለን። ከሞተች ከ160 ዓመት በላይ ሆኗታል። ስለ እሷ ያወቅነው ከደጋፊዎቻችን አንዷ ባመጡልን የሥዕል መጽሐፍ ነው። መጀመሪያ «ይህ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» ብለን ነበር። ተራ በተራ አንብበን ስንጨርስ ግን ነገሩ የራሳችን ክርክር ሆኖ አገኘነው። ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሴትየዋ ኤልሳቤጥ ሲዳል ትባላለች። በ1829 ለንደን ውስጥ ተወለደች። አባቷ ቢላዋና መቀስ የመሰለውን ስለታም ዕቃ የሚሠሩ የእጅ ባለሙያ ነበሩ። ቤተሰቡ ብዙ ልጆች ያሉበት፣ ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ነበር። ኤልሳቤጥም ለሥራ ስትደርስ የሴቶች ባርኔጣ በሚሠራበት ሱቅ ተቀጠረች። ጊዜው የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ነው። እንደ እሷ ያለች ልጅ ቀኑን ሙሉ በመርፌና በክር ትሠራለች፤ ባርኔጣውን የምታደርገው ሌላ ናት፤ የሚታወቀውም የባለ ሱቁ ስም ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህን ኑሮ የማታውቅ ብዙ የለችም።

ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆናት ዋልተር ዴቨረል የተባለ ወጣት ሠዓሊ አያትና ለሥዕሉ ሞዴል እንድትሆነው ጠየቃት። ቀይ ፀጉሯና ረጅም ቁመናዋ ሌሎቹንም ጓደኞቹን ሳባቸው። ከነሱ መካከል ጆን ኤቨረት ሚሌ እና ዳንቴ ገብርኤል ሮሴቲ ይገኙበታል። ሁለቱም በኋላ ስመ ጥር ሆነዋል።

ሚሌ በ1851 እና በ1852 የሣለው «ኦፊሊያ» የተባለው ሥዕል ዛሬ በለንደኑ ቴት ብሪቴን ሙዚየም ይገኛል። ኦፊሊያ በሼክስፒር «ሐምሌት» ውስጥ ወንዝ ውስጥ ሰጥማ የምትሞተው ልጅ ናት፤ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱትን ያነበባችሁ ታውቋታላችሁ። ለዚህ ሥዕል ሲባል ኤልሳቤጥ በክረምት ብርድ ልብሷን እንደለበሰች ውሃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ተጋደመች። ውሃው እንዳይቀዘቅዝ ከሥሩ መብራቶች ይነዱ ነበር። አንድ ቀን መብራቶቹ ጠፉ። ሠዓሊው በሥራው ተመስጦ አላስተዋለም፤ እሷም ዝም ብላ ተኛች። ከዚያ ክፉኛ ታመመች። አባቷ 50 ፓውንድ ካሳ ጠየቁ፤ ሚሌም በመጨረሻ የሐኪሙን ወጪ ከፈለ።

ዓለም ኤልሳቤጥን የሚያውቃት በዚህ ሥዕል ነው። በፖስታ ካርድ፣ በመጽሐፍ ሽፋን፣ በግድግዳ ላይ ፊቷ አለ። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን በዚያው ዓመት አካባቢ እሷ ራሷ እርሳስ ይዛ መሣል መጀመሯን ነው። ያስተማራት ሮሴቲ ነበር። የስሟን አጻጻፍ እንኳ እሱ ቀየረው ይባላል፤ በቤተሰቧ ስም መጨረሻ ከነበሩት ሁለት ተመሳሳይ ፊደላት አንዱን አስቀረው።

አሁን የምናዞርላችሁን ወረቀት እዩት። «የሻሎት እመቤት» የተባለ የእሷ ሥዕል ነው። በብዕርና በቀለም የተሣለ፣ ከደብተር ገጽ ብዙም የማይበልጥ ትንሽ ሥራ ነው። ታሪኩ ቴኒሰን ከጻፈው ግጥም የመጣ ነው። አንዲት ሴት ግንብ ውስጥ ተቀምጣ ትሸምናለች፤ ወደ ውጭ በቀጥታ እንዳታይ እርግማን አለባት፤ የምታየው በመስታወት ብቻ ነው። አንድ ቀን ዞራ ታያለች፤ መስታወቱ ይሰነጠቃል፤ እርግማኑም ይደርስባታል። ዋተርሃውስ የተባለው ታዋቂ ሠዓሊ በ1888 ይህችኑ እመቤት ሲሥል የመረጠው በጀልባ ተቀምጣ ወደ ሞቷ ስትሄድ ያለውን ነው። ኤልሳቤጥ ግን ሸማ መሥሪያዋ ላይ ተቀምጣ ሣለቻት። ክሩ ተበታትኗል፣ መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ ሴትየዋ ግን ረጋ ብላ በመስኮት ትመለከታለች። በሥራ ላይ ያለች ሴት ናት።

ከመካከላችን ጥጥ ስትፈትል ያደገች አንዲት አባል ይህን ሥዕል ባየች ጊዜ «ይቺ ሠዓሊ ሠርታ የምታውቅ ናት» አለች። ለዓመታት መርፌ የያዘች እጅ መሆኗን ገና አልነገርናትም ነበር።

ሌላም የምታስተውሉት ነገር አለ። በሥዕሉ ላይ ስሟንና ቀኑን ጽፋበታለች፤ ታኅሣሥ 15 ቀን 1853 ይላል። በዚህ ምክንያት ዛሬ ማንም ተነሥቶ «የሮሴቲ ነው» ሊል አይችልም።

በዚያው ሰሞን የራሷንም ፊት በክብ ሸራ ላይ በዘይት ቀለም ሣለች። ወንዶቹ ሠዓሊዎች ዓይኗን ጨፍና ወይም ወደ ሌላ አይታ፣ እንደ ሕልም አድርገው ነበር የሚሥሏት። እሷ የሣለችው ፊት ግን አላማረም አልተኳለም፤ ፊት ለፊት ያያችኋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ብታዩ የአንድ ሰው ፊት መሆኑን ትጠራጠራላችሁ።

«ታዲያ ለምን ትምህርት ቤት ገብታ አልተማረችም?» የሚል ጥያቄ ከእናንተ ሊነሣ ይችላል። በአገሩ ትልቁ የሥዕል ትምህርት ቤት የሮያል አካዳሚ ነበር። እሷ መሣል በጀመረችበት ጊዜ ሴት አይቀበልም ነበር። በ1860 የመጀመሪያዋ ሴት ሎራ ኸርፎርድ የገባችው የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ከቤተሰቧ ስም ጋር ጽፋ ሥዕሏን በመላኳ ነው፤ ዳኞቹ ወንድ መስሏቸው ነበር። ከገቡም በኋላ ሴቶቹ ሞዴል እያዩ የሰውን አካል መሣል የተፈቀደላቸው በ1893 ነው። ስለዚህ አንዳንድ ተቺዎች የኤልሳቤጥን ሥዕል አይተው «የሰውነት አካሉ ልክ አይደለም፣ እጁ ደካማ ነው» ሲሉ፣ በሩ ተዘግቶባት እንደነበረ አብረው ማንሣት ይገባቸው ነበር። በ1857 በአባቷ የትውልድ ከተማ በሼፊልድ የሥዕል ትምህርት ቤት ጥቂት ጊዜ ተምራለች።

እዚህ ላይ ለደጋፊዎቻችን የሚሆን አንድ ክፍል አለ። በ1855 ጆን ራስኪን የተባለው የታወቀ የሥነ ጥበብ ሐያሲ የኤልሳቤጥን ሥዕሎች አየ። ሁሉንም ልግዛ አለ። ሮሴቲ 25 ፓውንድ ብሎ ቢጠይቀው «ይህማ አነሰ» ብሎ 30 ፓውንድ ከፈለ። ቀጥሎም የምትሠራውን ሁሉ ለእሱ እየሰጠች በዓመት 150 ፓውንድ እንዲቆረጥላት ሐሳብ አቀረበ። ይህ ለባርኔጣ ሰፊዋ ልጅ ትልቅ ገንዘብ ነበር። ራስኪን ምጽዋት አልሰጣትም፤ ሥራዋን ነው የገዛው። ይህን እናመሰግንለታለን። ነገር ግን ከገንዘቡ ጋር ምክሩም፣ ትእዛዙም መጣ፤ የት ሄዳ እንደምታርፍ፣ ምን መሣል እንዳለባት። በ1857 ኤልሳቤጥ ድጎማውን ተወችው። በዚያው ዓመት ጓደኞቿ ሠዓሊዎች በለንደን ራስል ፕሌስ ባዘጋጁት ትርዒት ላይ ሥዕሎቿ ተሰቀሉ። ከተሳታፊዎቹ መካከል ብቸኛዋ ሴት እሷ ነበረች። «ክለርክ ሳንደርስ» የተባለውን የውሃ ቀለም ሥዕሏንም አንድ አሜሪካዊ ምሁር ገዛው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አጭርና ከባድ ነው። ጤናዋ ዘወትር ደካማ ነበር። ከብዙ ዓመት መጠበቅና መለያየት በኋላ በግንቦት 1860 ከሮሴቲ ጋር ተጋባች። በግንቦት 1861 ሴት ልጅ ሞታ ተወለደችባት። በየካቲት 1862 ከኦፒየም የሚሠራ ላውዳነም የተባለ መድኃኒት ከልክ በላይ ወስዳ ሞተች። መርማሪው «በድንገት የደረሰ ሞት» ብሎ መዘገበው። ዕድሜዋ 32 ነበር። ልጅ የሞተባት እናት ኀዘን ምን እንደሆነ በዚህ አዳራሽ የሚያስረዳን አያስፈልገንም፤ ስለዚህ በዚህ ላይ ሌላ አንጨምርም።

ሮሴቲ በቀብሯ ቀን የራሱን ግጥሞች የጻፈበትን ደብተር ከእሷ ጋር አስቀበረው። በጥቅምት 1869 ግን ሐሳቡን ለወጠ። በሃይጌት መቃብር ስፍራ ሣጥኗ በሌሊት ተከፍቶ ደብተሩ ወጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት ግጥሞቹ ታተሙ። እሷም ግጥም ትጽፍ እንደነበረ ልብ በሉ። በሕይወት ሳለች አንዱም አልታተመላትም።

ይህን ብቻ ብንነግራችሁ ሰውየውን እንድትጠሉት ብቻ ይሆናል። ሮሴቲ ግን ሌላም ነገር አድርጓል፤ ወደ አልበሙ የምንደርሰውም እዚህ ላይ ነው።

ኤልሳቤጥ ከሞተች በኋላ እጁ የገባውን ሥዕሏን ሁሉ ሰበሰበ። የተጨረሰውንም፣ የተጀመረውንም፣ በቁራጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ የተሞከረውንም አልለየም። ከዚያ በፎቶግራፍ አስነሣቸው። ያኔ ፎቶግራፍ ዛሬ በስልካችን እንደምናነሣው ቀላል አልነበረም፤ የመስታወት ሰሌዳና ኬሚካል፣ ባለሙያና ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። ፎቶግራፎቹ በወፍራም ወረቀት ላይ ተለጥፈው በየስብስቡ ተደራጁ። ከእነዚህ ስብስቦች አንዱ ዛሬ በኦክስፎርድ አሽሞሊያን ሙዚየም፣ ሌላው በካምብሪጅ ፊትዝዊልያም ሙዚየም ይገኛል።

የሥዕል ደብተርና የቁራጭ ወረቀት አልበም ከተጠናቀቀ ሥዕል የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ሠሪዋ ስታስብ ያሳያል። የልደትን ታሪክ፣ ድንግል ማርያምን ከሕፃኑ ጋር፣ የዮፍታሔን ልጅ፣ ከጥንት የፍቅር ታሪኮችም ጥንዶችን ሥላለች። አንዱን ሐሳብ ደጋግማ ትይዘዋለች፤ ሰዎቹን ታቀራርባለች፣ ታራርቃለች፣ አንዱን እጅ ከፍ ታደርጋለች። ጥልፍ ላይ ንድፉን በእርሳስ ነድፋ፣ አጥፍታ፣ እንደገና የምትነድፍ ሁሉ ይህን ታውቀዋለች። እንዲህ ያለ ነገር የሚያሳየው ሴትየዋ የሰው ሐሳብ ገልባጭ እንዳልነበረች ነው።

ከዚያ በኋላ አንዳንዶቹ ሥዕሎች ጠፉ። ዛሬ የሚታወቁት በፎቶግራፋቸው ብቻ ነው። አልበሙ ባይሠራ ኖሮ እነዚያ ሥዕሎች ኖረው እንደነበር እንኳ የሚያውቅ አይኖርም ነበር።

ለመቶ ዓመት ያህል የሥዕል መጻሕፍት ኤልሳቤጥን የሚያነሷት «የሮሴቲ ሚስት» ወይም «የኦፊሊያ ሞዴል» እያሉ ነበር። በ1989 ጃን ማርሽ የተባሉ እንግሊዛዊት የታሪክ ጸሐፊ ስለ እሷ አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። በ1991 በሼፊልድ ሥራዎቿ ለብቻቸው ለሕዝብ ታዩ። በ2023 ደግሞ ቴት ብሪቴን ስለ ሮሴቲ ቤተሰብ ባዘጋጀው ትልቅ ትርዒት ሥዕሎቿ ከባሏ ሥዕሎች ጋር ተሰቀሉ። እነዚህ ሰዎች የሚያዩት፣ የሚመዝኑትና የሚሰቅሉት ነገር ያገኙት ቀድሞ የሰበሰበ ሰው ስለነበረ ነው።

አልበሙ ግን ጉድለትም አለበት። የተሠራው ከሞተች በኋላ ነው። የትኛው ይግባ፣ የትኛው ይቅደም ብሎ የወሰነው ሌላ ሰው ነው። «ይህን ስሠራ ምን አስቤ ነበር፣ ይህን ለማን ሸጥኩት» ብላ የምትነግር እሷ አልነበረችም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

የመሶብ ስፌት ያስተማሩንን እናታችንን ሁላችሁም ታስታውሷቸዋላችሁ። ካረፉ ሦስት ዓመት ሊሆናቸው ነው። ለመታሰቢያቸው ቀን አንድ ሥራቸውን ጠረጴዛ ላይ ልናስቀምጥ ፈልገን አጣን። የሰፉት ሁሉ ተሽጧል። በገዢ ቤት አለ፤ ገዢው ግን የማን እጅ እንደሆነ አያውቅም። በአክርማው ላይ ያወጡት የነበረውን ኮከብ እንስፋ ብለን ስንነሣ ደግሞ ሁለታችን ሁለት ዓይነት አድርገን አስታወስነው። የትኛው ልክ እንደሆነ የሚነግረን የለም። ይህ የሆነው እሳቸውን ባለማክበራችን አይደለም። እንወዳቸው ነበር። በጊዜው አለመጻፋችን ብቻ ነው።

በባለፈው ስብሰባ የተነሡትን ሦስት ተቃውሞዎች አንድ በአንድ እንመልከት።

አንደኛው «ስም መጻፍ ትዕቢት ነው» የሚል ነው። ይህን ያሉት ታላላቆቻችን ናቸው፤ ቃላቸውንም እናከብራለን። የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ብዙዎቹ ስማቸውን ሳይጽፉ አልፈዋል፤ ሥራውን ለእግዚአብሔር ነበር የሚያቀርቡት። የእኛ ነጠላና መሶብ ግን ወደ ገበያ ነው የሚሄደው። በገበያ ላይ ስም ያልተጻፈበት ሥራ ሌላ ስም ይጻፍበታል። ኤልሳቤጥ በሥዕሏ ጥግ ስሟን የጻፈችው ለመመጻደቅ አልነበረም፤ የእጇን ሥራ የሠራችው እሷ መሆኗን ለመናገር ነው።

ሁለተኛው «ፎቶግራፍ ከተነሣ ንድፋችን ይሰረቃል» የሚል ነው። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። የአንዲት አባላችን የጥልፍ ንድፍ በአንድ ሱቅ ውስጥ በሌላ ሰው እጅ ተሠርቶ ሲሸጥ አይተናል። ያን ጊዜ ግን «የእኛ ነው» ብለን የምናሳየው ቀን ያለው ወረቀት አልነበረንም። ስለዚህ አልበሙ ለሁሉም የሚበተን ሳይሆን በማኅበሩ ሣጥን ተቆልፎ የሚቀመጥ ይሁን፤ አንድ ቅጂ ደግሞ ለሠሪዋ ይሰጥ እንላለን። ለደንበኛ የሚታየው እሷ የፈቀደችው ገጽ ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛውና ከባዱ የገንዘብ ነገር ነው። አንሸሽገውም፤ ለወረቀት፣ ለኅትመትና ለጥራዝ የሚወጣው ገንዘብ ከተዘዋዋሪ ብድሩ ከተወሰደ በዚህ ዙር አንዲት አባል ብድሯን ትጠብቃለች ማለት ነው። ይህ ደግሞ ልክ አይደለም ብለን እኛ ራሳችን አምነናል። ስለዚህ ሐሳባችንን አሻሽለናል። ፎቶግራፉን በስልካችን እናነሣለን። የኅትመቱን ወጪ ከክፍላችን ሽያጭ ላይ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያስቀረን እንሸፍናለን። የብድሩ ገንዘብ አይነካም።

ለደጋፊዎቻችን ደግሞ አንድ ልመና አለን። ሥራችንን ስትገዙ የሠሪዋን ስም ጠይቁን። ለወዳጅ በስጦታ ስትሰጡም ስሙን አብራችሁ ስጡ። ከዕርዳታችሁ ጋር ምክር ብትጨምሩ እንሰማለን፤ ምን እንደምንሠራና እንዴት እንደምንሠራ ግን እኛው እንድንወስን ተዉልን። ይህን የምንለው በድፍረት ሳይሆን፣ ለብዙ ዓመታት አብራችሁን ስለቆማችሁ እንደምትረዱን አውቀን ነው።

እያንዳንዱ ገጽ አምስት ነገር ይኖረዋል፤ የሠሪዋ ሙሉ ስም፣ ሥራው ያለቀበት ቀን፣ መጠኑና የተሠራበት ዕቃ፣ ንድፉን ከማን እንደተማረችው፣ ለማንና በስንት እንደተሸጠ። መጻፍ የማይችሉ እናቶቻችን ይናገራሉ፤ እኛ በቃላቸው እንጽፋለን፤ ከዚያም አንብበን እናሰማቸዋለን።

እህቶች፣ ዛሬ ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት የተናገርነውን አስቡበት። ሐሳቡ ካለፈ በሚመጣው ቅዳሜ እያንዳንዳችሁ በቤታችሁ ካለው ሥራ አንድ አንድ ይዛችሁ ኑ፤ ያላለቀም ቢሆን ግድ የለም። የመጀመሪያው ገጽ ግን ፎቶግራፍ አይኖረውም። በላዩ የመሶብ ስፌት ያስተማሩን እናታችን ስም ይጻፋል፤ ከሥሩም ሁለታችን እንደየራሳችን ያስታወስናቸው ሁለቱ ኮከቦች ይነደፋሉ። ከእናንተ መካከል ትክክለኛውን የምታውቅ ካለች መጥታ ታርመን።